የናፈቀን ምኑ ነው? የድሮ ፊልምና ጌም ለመመለስ ከመግዛታችን በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በልጅነቴ የተጫወትኩበትን ዓይነት የጌም ኮንሶል ፈልጌ ገዛሁ። ግራጫ ቀለሙ ያው ነው። የጆይስቲኩ ገመድ አጭር፣ ቁልፎቹ ጠንካራ፣ ልክ እንደማስታውሰው። ሰክቼ ሳበራው ሙዚቃው ጀመረና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወትኩና አጠፋሁት። በማግስቱ አልነካሁትም። በሳምንቱም እንደዚያው።

ከወር በኋላ ታላቅ ወንድሜ ሊጠይቀኝ መጣ። ገና ቁጭ ከማለቱ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አነሳና «እስቲ አብራው» አለኝ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ አልተነሳንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጓደኞቼ «የቱን ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ ተቀይሯል። መጀመሪያ የምጠይቀው «የናፈቀህ ምኑ ነው?» ብዬ ነው። ዕቃው ነው? ፊልሙ ወይም ጌሙ ራሱ ነው? ወይስ አብሮህ የነበረው ሰው ነው? ሦስቱ የሚመሩት ወደተለያየ ግዢ ነው። አንዳንዴም ምንም ወደ አለመግዛት።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ያግዘናል። ትዝታና ናፍቆት አንድ አይደሉም። ትዝታ ቁጭ ባልንበት ይመጣል፣ ያልፋልም። ናፍቆት ግን የጎደለውን ነገር ይፈልጋል። ፈረንጆቹ «ኖስታልጂያ» የሚሉትን ቃል የፈጠረው ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ ነው፤ በ1688 በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ (እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቃሉን የገጣጠመው «ወደ ቤት መመለስ» እና «ሕመም» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። ከአገራቸው የራቁ ሰዎችን የሚይዝ በሽታ አድርጎ ነበር የቆጠረው። መድኃኒቱም ሰውየውን ወደ ቤቱ መመለስ ነበር። ወደ ልጅነት ቤት መመለሻ መንገድ ግን የለም። የተወሰነ ክፍሉን ነው መመለስ የምንችለው። ስለዚህ ክፍሉን ለይቶ ማወቅ ገንዘብም ጊዜም ያድናል።

ከፊልም እንጀምር

የቪዲዮ ካሴት፣ ማለትም ቪኤችኤስ፣ በ1976 ጃፓን ውስጥ በጄቪሲ በኩል ወጣ። እውነቱን ለመናገር ምስሉ ደካማ ነው። ዝርዝር የማሳየት አቅሙ ከዲቪዲ ግማሽ ገደማ ነው። ዴክ ማግኘትም እየከበደ መጥቷል፤ መጨረሻ ላይ ሲያመርት የነበረው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 አቁሟል። ዛሬ የሚሸጥ ዴክ ሁሉ ያገለገለ፣ ወይም መጋዘን ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ነው። ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ ካሴቱን የሚያነበው ሄድ ይቆሽሻል። አንድ ያገለገለ ዴክ ገዝቼ የመጀመሪያዋን ካሴት እንዳስገባሁ ፊልሟን ጎትቶ በላት። ሌላ ቦታ የማላገኛት ፊልም ነበረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ አዲስ የገባ ዴክ ስትሞክሩ ብትጠፋ የማትቆጩባትን ካሴት አስቀድሙ።

ካሴት መቼ ይመረጣል? ለእኔ በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። አንደኛው ፊልሙ በዲስክ ወጥቶ የማያውቅ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ናፍቆታችሁ የዕቃው ከሆነ ነው፤ የሽፋኑ ሥዕል፣ ካሴቱ ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ፣ ወደ ኋላ እስኪጠነጠን መጠበቁ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም የሚታወስ ነገር አለ።

የቤት ውስጥ ካሴት ያላችሁ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ወደ ዲጂታል አስገልብጡ። ሠርግ፣ ልደት፣ ዛሬ በሕይወት የሌለ ሰው ድምፅ። ፊልም ቤት የሠራው ፊልም ቅጂው የትም አለ፤ የናንተ ግን ያቺው አንዲት ናት። የካሴቱን ማግኔታማ ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያጣብቀው ነገር እርጥበት ሲስብ እየላላ ይሄዳል፣ ምስሉም አብሮት። እስክታስገለብጡ ድረስ እስከ ጫፉ ጠንጥናችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። በመስኮቱ ውስጥ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ዴክ ውስጥ እንዳታስገቡት። ሻጋታው ዴኩን ያበላሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ካሴት ሁሉ ይበክላል።

ዲቪዲ በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወጣ። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚንቀው እሱን ነው፤ ለጀማሪ ሰብሳቢ ግን ከእሱ የተሻለ የለም ባይ ነኝ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ማጫወቻውም እንዲሁ። የፊልም ሠሪዎቹ ትረካ፣ የተቆረጡ ትዕይንቶች፣ ከቀረጻው ጀርባ የነበረው ሥራ፣ ብዙው በኋላ ወደ ኦንላይን አልተሻገረም። ሁለት ነገር ግን ተመልከቱ። አንደኛው የክልል ቁጥር ነው። ዲቪዲ ዓለምን በስድስት ክልል ይከፍላል፤ ማጫወቻችሁ የሌላ ክልል ዲስክ ላያነብ ይችላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይቀረጻል። ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ በሰከንድ 25 እያደረገ ያጫውተዋል። ፊልሙ 4 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ጆሯችሁ የለመደው የትኛውን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የልጅነቴን ፊልም በሌላኛው ሥርዓት ስሰማ ተዋናዩ ጉንፋን የያዘው ነበር የመሰለኝ።

ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚያሳየው ብሉ ሬይ በ2006፣ ከእሱም የሚልቀው የ4ኬ ዲስክ ደግሞ በ2016 መጡ። ብሉ ሬይ ዓለምን በሦስት ክልል ብቻ ይከፍላል፤ በ4ኬ ዲስክ ላይ የክልል ገደብ የለም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፦ ወደ ከፍተኛ ጥራት ልሂድ ወይስ ይቅር? እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የተቀረጸው በምን ላይ ነው?

በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ ሥራ ዲቪዲ ከሚያሳየው በላይ ብዙ ዝርዝር ይዟል። የሃምሳና የስልሳ ዓመት ፊልም በብሉ ሬይ ስታዩት የልብሱ ስፌት፣ ከተዋናዩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የፊቱ ላብ ይወጣል። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን አትሰስቱ። በቪዲዮ ካሜራ ተቀርጾ በቪዲዮ የቀረ የድሮ ተከታታይ ድራማ ግን ከመጀመሪያውም ያን ያህል ዝርዝር የለውም። ዋናው ቅጂ 480 ወይም 576 መስመር ነው። ያልነበረን ነገር ዲስኩ ከየት ያመጣዋል? ለእሱ ዲቪዲ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ያናደደኝ ነገር ነው። አንዳንድ አሳታሚዎች ፊልሙ «አዲስ» እንዲመስል ብለው የፊልሙን ቅንጣት፣ ማለትም በፊልም ላይ በተፈጥሮው የሚታየውን ጥቃቅን ነጠብጣብ፣ በኮምፒውተር ያጠፉታል። ቅንጣቱ ሲጠፋ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል፤ የሰው ፊት እንደ ሰም ይለሰልሳል። በሽፋኑ ላይ 4ኬ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትግዙ። ከዲስኩ የተወሰደ ምስል ፈልጉና የፊት ቆዳ ላይ አተኩሩ። የቆዳ ቀዳዳና ሽብሽብ ከታየ ጥሩ ነው። ሁሉም ሰው ሕፃን ከመሰለ፣ የድሮው ዲቪዲ ይሻላችኋል።

ስትሪሚንግስ፣ ፊልሙን በኢንተርኔት ማየትስ? ለማየት ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው፣ በተለይ ናፍቆቱ አንድ ምሽት ብቻ የሚቆይ መሆን አለመሆኑን ካላወቃችሁ። ሁልጊዜ የምመክረው ይህን ነው፦ ፊልሙን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በስትሪሚንግ እዩት። ልባችሁ ካልተነካ ዕቃውን ብትገዙትም አይነካም። ነገር ግን አትመኩበት። ውል ሲያልቅ ፊልሙ ይነሳል። በድሮው አራት ማዕዘን ስክሪን ልክ የተሠሩ ሥራዎች ለሰፊው ቴሌቪዥን ተብሎ ከላይና ከታች ተቆርጠው የሚቀርቡበት ጊዜ አለ፤ የሰው ግንባር የሌለበት ድራማ ማየት ደስ አይልም። «ግዛ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የገዛችሁትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የማየት ፈቃድ ነው እንጂ ንብረት አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2024 ሻጮች ይህንኑ ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው በከንቱ አይደለም።

ወደ ጌም ስንመጣ

ጌም ከፊልም ይከብዳል። ፊልም ካሴቱ ቢጠፋ ፊልሙ በሌላ መልክ ይኖራል። ጌም ግን ከማሽኑ ጋር የተቆራኘ ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶ የሚሆኑት በወቅቱ በገበያ ላይ በሕጋዊ መንገድ አይገኙም ነበር። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ ደነገጥኩ። ስለዚህ የምርጫው መጀመሪያ የሚፈልጉት ጌም ዛሬ እየተሸጠ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከተሸጠ፣ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ፣ ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ ያለችግር የሚሠራ፣ ሴቭ የሚደረግ። ኦንላይን መደብሮች ግን እንደሚዘጉ አትርሱ፤ የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኔንቲዶ ዊ ዩ እና 3ዲኤስ የተባሉ ማሽኖቹን መደብር በመጋቢት 2023 ሲዘጋ፣ እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞች ለአዲስ ገዢ አብረው ተዘጉ።

ኦሪጅናል ኮንሶል የሚያስፈልገው ለማን ነው? እጁ ለናፈቀው ሰው ነው። የጆይስቲኩ ክብደት፣ ጌሙን የያዘው ካርትሪጅ ሲገባ «ቋ» የሚለው፣ ቁልፍ ሲጫኑ ገጸ ባሕርዩ ወዲያው የሚዘለው። ይህ የመጨረሻው ቴሌቪዥኑንም ይጨምራል። ብዙዎች ኮንሶሉን ገዝተው በጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ይሰኩትና ያዝናሉ። ምስሉ ድብዝዝ ነው፣ እንቅስቃሴው ዘግይቶ ይመጣል። ጥፋቱ የኮንሶሉ አይደለም። የድሮ ኮንሶሎች የሚልኩት ምስል በ240 መስመር ነው። ብዙ ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች ይህን በትክክል አይለዩትም፤ 480 ነው ብለው ያስቡና ለማስተካከል ሲሞክሩ ያዘገዩታል፣ ያደበዝዙታልም። ጀርባው ትልቅ የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ግን ምስሉን እንደመጣ ነው የሚስለው። የሽጉጥ ጌም ከሆነማ ምርጫም የለም። ያ ሽጉጥ የሚሠራው የድሮው ቴሌቪዥን ምስል በሚስልበት ፍጥነት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ አይመታም።

ስለዚህ ኦሪጅናል ኮንሶል ስትገዙ ሦስት ነገር አብራችሁ እየገዛችሁ እንደሆነ አስቡ፦ ኮንሶሉ፣ የድሮ ቴሌቪዥን ወይም ምስሉን የሚያስተካክል ስኬለር፣ እና የጥገና ትዕግሥት። ሴቭ የሚያደርጉ ብዙ የድሮ ካርትሪጆች ውስጥ እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ አለች። ባትሪዋ ስትሞት ሴቩ ይጠፋል። መቀየር ይቻላል፣ ግን በብየዳ ነው፤ ሲነቀልም በውስጡ የነበረው ይሰረዛል። የራሴን የልጅነት ካርትሪጅ ሳገኝ በውስጡ ወንድሜ ስሙን ጽፎ የጀመረው ሴቭ ነበረ። ባትሪውን ወዲያው አልቀየርኩም። ሴቩን በማንበቢያ መሣሪያ ወደ ኮምፒውተር ካወጣሁ በኋላ ነው የነካሁት። እናንተም መጀመሪያ ያንን አድርጉ።

የካርትሪጅ ገበያ ላይ የተጭበረበረ ሞልቷል። ሻጩን የሰርኪት ቦርዱን ፎቶ ለምኑት። ቅር የሚለው ከሆነ ተዉት።

በዲስክ የሚሠሩ ኮንሶሎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ሌዘሩ ይደክማል። ግን ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ናቸው፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከ160 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ ማሽኑም ዲስኩም በቀላሉ ይገኛል።

የድሮ ኮንሶል ጌም በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚያስጫውተው ፕሮግራም፣ ኢሙሌተር፣ ላይ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። ኢሙሌተር መሥራት በራሱ የቅጂ መብት ጥሰት እንዳልሆነ በ2000 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሶኒ ኢሙሌተር ሠሪውን ኮኔክቲክስን በከሰሰበት ጉዳይ ወስኗል። የሌላ ሰው ጌም ቅጂ ከኢንተርኔት ማውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የባለቤትነት መብቱ አለ። ከሕጉ ባሻገር እኔ የማየው ችግር አለ። ሦስት ሺህ ጌም የሞላበት ሚሞሪ ካርድ የሰጠኝ ጓደኛ ነበረ። ከፈትኩት፣ ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። አንዱን አምስት ደቂቃ፣ ሌላውን ሦስት ደቂቃ። በልጅነታችን አንድ ጌም ለወራት የተጫወትነው ሌላ ስላልነበረን ነው፤ ፍቅሩም የመጣው ከዚያ ነው። ኢሙሌተር የምትመርጡ ከሆነ አሥር ጌም ብቻ ጫኑ። በፈለጉበት ቦታ ሴቭ ማድረጊያውንም ተጠንቀቁት። በአንድ ስህተት ሁለት ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ያንን የድሮ የልብ ምት አያገኘውም። ጊዜ የሌለው አዋቂ ሰው ግን ጌሙን መጨረስ ከፈለገ ይጠቀምበት፣ ማን ይከለክለዋል?

በመካከል የድሮዎቹን መልክ ይዘው እንደገና የተሠሩ ትንንሽ ኮንሶሎች አሉ። ኔንቲዶ በ2016 ያወጣው የኔስ ክላሲክ 30 ጌም ተጭኖበት ነበር የመጣው፣ በዘመናዊው የቴሌቪዥን ገመድ (ኤችዲኤምአይ) ይሰካል፣ ሌላ ምንም አይጠይቅም። ሰብሳቢዎች ይንቁታል። እኔ ግን ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት ቤት ከሁሉ የተሻለ ስጦታ እሱ ይመስለኛል። ማንም ሰው ሰክቶ ሊጫወተው ይችላል።

እንደገና የተሠሩ ጌሞችንም ለዩ። ሪማስተር ማለት ያው ጌም ተወልውሎ ነው። ሪሜክ ማለት ከዜሮ እንደገና የተሠራ ነው። ታሪኩ ለናፈቀው ሪሜክ ደስ ይላል። አንድ የተወሰነ ዝላይ፣ አንድ የተወሰነ ግድግዳ ጣቱ ለሚያስታውስ ሰው ግን ሪሜክ እንግዳ ቤት ነው።

መሰብሰብስ?

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ለትርፍ አትሰብስቡ። በሐምሌ 2021 ያልተከፈተ አንድ የኔንቲዶ 64 ጌም በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ሰው ነው አሮጌ ሳጥን ይዞ ሀብት የያዘ የመሰለው። ያልተከፈተ ጌም መጫወት አይቻልም፤ ሳጥኑ ሲከፈት ዋጋው ይወርዳል። እንዲህ ያለ ዕቃ ጠባቂ እንጂ ተጫዋች አያደርግም።

እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። በልጅነቴ ቤታችን የነበሩትን ከነሳጥኑ ከነመመሪያው እፈልጋለሁ፣ ዋጋውንም እታገሣለሁ። በጓደኛ ቤት ያየኋቸውን ካርትሪጁን ብቻ እገዛለሁ። ስለእነሱ ሰምቼ ተጫውቼ የማላውቃቸውን ግን በኢሙሌተር ወይም በኦንላይን እሞክራለሁ እንጂ አልገዛም። የነሱ ናፍቆት የእኔ አይደለምና። ይህን ካደረግሁ ወዲህ መደርደሪያዬ ቀለለ፣ አንድ ዕቃ ሳነሳም የማስታውሰው ነገር አለ።

የተገዛውን ከፀሐይ አርቁ። ብርሃን የሽፋኑን ቀለም ይመጥጣል፣ ግራጫውን ፕላስቲክም ቢጫ ያደርገዋል። ዲስክ በወረቀት ፖስታ ደራርባችሁ አታኑሩ፤ በየሳጥኑ አቁሙት። በዓመት አንድ ጊዜም አጫውቱት፣ ችግር ካለ ቶሎ ታውቁታላችሁ።

እኔን ብትጠይቁኝ

ፊልሙ ራሱ ለናፈቀው፦ በፊልም የተቀረጸ ከሆነ ጥሩ ብሉ ሬይ፣ ካልሆነ ዲቪዲ። ጌሙ ራሱ ለናፈቀው፦ ዛሬ የሚሸጠውን ሕጋዊ ቅጂ። ዕቃው ለናፈቀው፦ ኦሪጅናሉን፣ ከነቴሌቪዥኑ፣ ግን ጥቂት። ሰው ለናፈቀው ግን የቱንም ቢገዛ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ርካሹን ይግዛ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለሁለተኛ ጆይስቲክ ያውለው፣ ከዚያ ስልኩን ያንሳና ይደውል።

የኔው ሁለተኛ ጆይስቲክ አሁን አንድ ቁልፉ እየሰማ አይደለም። ውስጡ ያለው ጎማ ቆሽሾ ይሆናል። ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል። ዛሬ ማታ ፈትቼ በአልኮል ጠርጌ ልገጥመው ነው።